ባትሪው የበላው ብረት

ባሌ የሞተው በወባ ነው። ከፊልቱ ሲመለስ ትኩሳት ይዞት ገባ፣ ከተኛበትም ሳይነሳ ቀረ። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ዘመዶቹ ገና ድንኳኑ ሳይነሳ ስለ ጭነት መኪናው ማውራት ጀመሩ። "ሽጪው" አሉኝ፤ "ሴት ልጅ መኪና ይዛ ምን ታደርጋለች?" አልሸጥኩም። ሰዎች በኋላ ይህን እንደ ጀግንነት ሲያወሩት ሰምቻለሁ። ጀግንነት አልነበረም። ገዢ መፈለግ፣ መከራከር፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ መተዳደሪያ ማሰብ ሁሉም ተራራ ሆኖ ታየኝና ባለበት ይቀጥል ብዬ ተውኩት።

የተወለድኩት ነገሌ ነው። አባቴ ጣሊያን ሲወጣ ከሰሜን ከመጡት ወታደሮች አንዱ ነበር፤ መጣ፣ አገባ፣ ቀረ። እኔ ገበያ ውስጥ ከቦረና ልጆች ጋር ስላደግኩ ኦሮምኛውና አማርኛው አፌ ላይ ተደባልቀው ነው የወጡት። ባሌ ጨውና ስኳር ወደ ፊልቱ ይወስድ፣ ቆዳ ጭኖ ይመለስ ነበር። ከሞተ በኋላ ልጆቹን እናቴ ዘንድ እያስቀመጥኩ እኔው ጋቢና ውስጥ ገብቼ ንግዱን ቀጠልኩ።

ሹፌሩ የዚያው የነገሌ ተወላጅ፣ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ። ባሌን መንዳት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው እህቴ ይሉኛል። ብዙ አያወሩም። ጠዋት ስንገናኝ "ናጋ?" ይላሉ፤ "ናጋ" እላለሁ፣ ሰላም ነው ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም መኪናው ይነሳ ይሆን ወይስ አይነሳ ይሆን እያልን ዝም ብለን እንቆማለን።

አብዛኛውን ጊዜ አይነሳም ነበር። ለዚህ ብለን ከገበያው ጀርባ ተዳፋት ላይ ነበር የምናሳድረው። ጋሼ ፍሬኑን ይለቁታል፣ እኔ ከጎማው ሥር ድንጋዩን እስባለሁ፣ እየተንደረደረ ሲወርድ ሞተሩ ሳል ሳል ይልና ይነሳል። ታች ደርሶ ካልተነሳ ግን የዕለቱ መከራ እዚያው ተጀመረ ማለት ነው። የገበያ ሰው መለመን ነው። ቆዳ ሻጩም፣ ከሰል ተሸካሚውም፣ ሻይ ሊጠጣ የወጣውም ተጠርቶ ይገፋል። መጀመሪያ ላይ ስለ ባሌ ሲሉ ይገፉ ነበር። ቆይተው ግን ከሩቅ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይሩ ጀመር። አልፈርድባቸውም።

"ባትሪው ደክሟል" ይሉ ነበር ጋሼ።

ባትሪው የሚቀመጠው ጋቢናው ውስጥ ከሹፌሩ ወንበር ሥር፣ የላሜራ ክዳን ባለው ጉድጓድ ውስጥ ነበር። ክዳኑን ሲያነሱት ሽቦዎቹ የሚታሰሩባቸው ሁለቱ ራሶች እንደ ሻገተ ዳቦ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት አብቅለው ይታያሉ። ጋሼ ዱቄቱን በቢላዋ ይፍቁና ማሰሪያውን በድንጋይ ደቃ ደቃ አድርገው ይዘጉታል። ለአንድ ሁለት ቀን ይሻለዋል፤ ከዚያ ዱቄቱ እንደገና ይበቅላል። የጋሼ ሱሪ ከጉልበቱ በታች ወንፊት መስሎ ነበር። የእኔም ቀሚስ አንድ ቀን ሳጥበው ከጫፉ እየተበጣጠሰ እጄ ላይ ቀረ። ከጋቢናው የሚወጣው ሽታ ጉሮሮ ይይዛል፤ ፊልቱ ስንደርስ ራሴን ጥፍር አድርጌ አስሬ ነበር የምወርደው። ነገሩን ግን መንገዱ ያመጣው፣ ሙቀቱ ያመጣው እያልን እንኖር ነበር። በዚያ አገር ሁሉንም ነገር በሙቀቱ ማሳበብ ይቻላል።

አደጋው የደረሰብን በበጋ፣ ከፊልቱ ስንመለስ ነው። ቆዳ ጭነናል፣ ከቆዳው በላይ ደግሞ ተሳፋሪ አለ። ጋቢና ውስጥ ከእኔና ከጋሼ ሌላ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የቦረና ሰው ናቸው፤ ከልጃቸው ቤት ወደ ሊበን እየተመለሱ ስለነበርና ላይ መውጣት ስለማይችሉ መካከላችን አስቀመጥናቸው። በጠፍር የታሰረ የውሃ ዕቃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው መንገዱን ሁሉ አልለቀቁትም።

አንድ ደረቅ ወንዝ አለ፤ ድንጋዩ ክፉ ነው። እሱን ስንሻገር የፊት ጎማው ዘለለና ከበታቻችን ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የደረቀ እንጨት ሲሰበር እንደሚለው። ሞተሩ ጠፋ። ጋሼ ወረዱና ወደ ሥር አዩ።

"ወድቋል" አሉ።

ባትሪው የተቀመጠበት ብረት ተቀዶ ባትሪው በሽቦዎቹ ብቻ ተንጠልጥሎ ነበር። ጋሼ ሽቦው ሳይበጠስ ልያዘው ብለው በጀርባቸው ገቡ። እኔ መፍቻ ላቀብል ጎንበስ እንዳልኩ ባትሪው ተገለበጠ። የጮኹትን ጩኸት እስካሁን አልረሳሁትም። የትልቅ ሰው ድምፅ አልነበረም።

እግራቸውን ይዤ ጎተትኳቸው። ከላይ ያሉት ሰዎችም ወርደው አገዙኝ። አሲዱ በቀኝ ዓይናቸውና በጉንጫቸው ላይ ፈሶባቸው ነበር፤ እጃቸውን ወደ ዓይናቸው ይሰዳሉ፣ እጃቸው ራሱ አሲድ ነው። አንዱ ተሳፋሪ እጃቸውን ወደ ኋላ ያዘልኝ። እኔ ከጋቢናው የመንገድ ውሃችንን አውርጄ ዓይናቸው ላይ ማፍሰስ ጀመርኩ። እንዴት እንደሚደረግ ያስተማረኝ የለም። የሚያቃጥል ነገር በውሃ ይታጠባል፣ ያንን ብቻ ነበር የማውቀው።

ውሃው ሲያልቅ የተሳፋሪዎቹን ጠየቅኩ። ዕቃቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። ፀሐዩ አናት ላይ ነው፣ መኪናው ቆሟል፣ ሌላ መኪና መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም።

አንዲት ሴት "ልጅ ይዣለሁ እኮ" አለች። እውነቷን ነበር።

ሽማግሌው የውሃ ዕቃቸውን ጠፍር ፈቱና ሰጡኝ። "አፍሺው ልጄ" አሉ በተሰባበረ አማርኛ። "ጉሮሮ ይታገሳል። ኢጃ አይታገስም።" ኢጃ ዓይን ማለት ነው። ወደ ሰዎቹ ዞረው ደግሞ በኦሮምኛ ከዚህ ብዙ የማይርቅ ጉድጓድ እንደሚያውቁ፣ እሳቸው እንደሚመሩ ነገሯቸው። ያን ጊዜ ሌሎቹም አመጡ። ጋሼ ጭንቅላታቸውን ጉልበቴ ላይ አድርገው እኔ ሳፈስ፣ ዓይናቸውን በጣቴ ስከፍት፣ "በቃ፣ በቃ" ይሉኝ ነበር። አላቆምኩም። ሴትየዋን ብቻ ለልጅሽ ያዢ አልኳት።

ወደ ማታ ላይ ከፊልቱ ከብት የጫነ መኪና መጣና ጋሼንና ተሳፋሪዎቹን ወሰደልኝ። እኔ ከቆዳው ጋር መቅረት ነበረብኝ። ሽማግሌውም ሳይሳፈሩ ቀሩ። "ሂዱ አባቴ፣ ቤትዎ ይጠብቁዎታል" ብላቸው "ቤት የትም አይሄድ" ብለው ግራር ሥር ተቀመጡ። በማግስቱ መኪናው ተጎትቶ እስኪሄድ ከእኔ ጋር ነበሩ። ስለ ከብቶቻቸው አወሩኝ፤ ሣሩ ከዓመት ዓመት እየሸሸ እንደሆነ፣ ከብት መከተል እንደሰለቻቸው። ከዚያ ሊበን ሲደርሱ ወርደው ወደ ቀያዮቹ የምስጥ ኩይሳዎች መካከል በእግራቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

የጋሼ ጉንጭ ሻረ። ቀኝ ዓይናቸው ግን ደመና ለበሰ። ሐኪም ቤት ያጠቧቸው ሰው ውሃው ባይኖር ዓይኑ ፈጽሞ ይፈስ ነበር ብለው ነገሩኝ። ያም ቢሆን በዚያ ዓይን ከብርሃንና ከጥላ በቀር አላዩበትም።

መኪናውን ብረት በያጅ ግቢ አስገባነው። በያጁ ዝምተኛ፣ ጎልማሳ ሰው ነበር፤ በጋዝ ይበይዳል። ወንበሩን ነቅለን ጉድጓዱን ስናየው ከታች አንድ ጥቁር ነገር ተጣብቋል። ሳብኩት፤ እንደ በሰበሰ ቅጠል እጄ ላይ ፈረሰ። ጆንያ ነበር፤ በአራት የታጠፈ ጆንያ። ባሌ ነው ያደረገው። ባትሪው በመንገዱ እንዳይንገጫገጭና እንዳይሰነጠቅ ከሥሩ አንጥፎለት ነበር። ሲያነጥፈው አይቼዋለሁ፤ ለልጅ ፍራሽ እንደሚያነጥፍ አስተካክሎ ነበር ያጠፈው። ጆንያው ደግሞ ከባትሪው የሚተነፍሰውንና የሚፈሰውን አሲድ ሁሉ እየጠጣ፣ ብረቱ ላይ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተለጥፎ ስንት ዓመት ይዞት ኖሯል።

በያጁ መዶሻ አንስቶ የመኪናውን የብረት አፅም፣ ሻንሲውን፣ ከዳር ጀምሮ መታ መታ አደረገ። ደህናው ብረት ይጮኻል። ወደ ባትሪው ቦታ ሲቃረብ ድምፁ እየታፈነ ሄደ፤ ከዚያ መዶሻው ሰመጠ። ዝገቱ እንደ ብስኩት ቅርፊት ተንኮታኩቶ መሬት ላይ ወረደ። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ባሌ ከሞተ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ደክሞኝ አያውቅም። ሰው በደጉ ያደረገው ነገር ይህን ያህል ሲያበላሽ በማን ይናደዳል?

"ይሠራል?" አልኩት።

"የተበላውን ቆርጬ ሌላ ብረት እለጥፍበታለሁ" አለ። "ግን አሲዱ ውስጡ እንዳለ ብበይድበት ከሥር መብላቱን አይተውም። መጀመሪያ እሱ መሞት አለበት። ትልልቅ ጋራዦች በሶዳ ነው የሚያጥቡት ይባላል። እዚህ ሶዳ ከየት ይመጣል?"

ሶዳ እንኳ የት እንዳለ አውቅ ነበር። ሻይ ቤት ለብስኩት የሚጨምሩት አለ። ሄጄ ባለቤቷን ለመንኳት፤ ጣሳዋን አራግፋ ሰጠችኝ። በውሃ በጥብጠን ብረቱ ላይ ስናፈስበት እንደሚፈላ ወተት ነጭ አረፋ ተነሳ። ጥሩ ነበር፣ ግን ወዲያው አለቀ። ብረቱ አሁንም ሲያፈሱበት ይንጨረጨራል። ያን ጊዜ እናቴ ሳሙና ሲጠፋ ልብስ በአመድ ውሃ ስታጥብ ትዝ አለኝ። ሳሙና የሚሆን ነገር ሶዳም ይሆን ይሆናል ብዬ ከቤት የግራር አመድ በባልዲ አምጥቼ በውሃ በጠበጥኩና በጨርቅ አጥልዬ አፈሰስኩት። እሱም አረፋ አወጣ። በያጁ ጎንበስ ብሎ አይቶ "ይኸው ነው፣ ጨምሪ" አለኝ። አረፋው እስኪጠፋ ደጋግመን አጠብነው፤ ከዚያ በንጹህ ውሃ፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ። ሲደርቅ በሽቦ ብሩሽ እየፈገፈግን ነጭ ብረት እስኪወጣ ላጥነው። እጄ ተላጠ። ቀሚሴን ልለውጥ እንኳ አላሰብኩም፤ የቀረኝ ሁሉ አሮጌ ነበር።

ጋሼ ዓይናቸው በፋሻ እንደታሰረ ግቢው ጥግ ጥላ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ቤት ይረፉ ብላቸው እምቢ አሉ። አንድ ከሰዓት እየፈገፈግኩ ሳለሁ ጠሩኝ።

"እህቴ፣ ባትሪው ውሃው ሲጎድል ምን እጨምርበት እንደነበር ታውቂያለሽ?"

"ውሃ ነዋ።"

"አሲድ። ጉልበት ይሰጠዋል ብዬ። አሲድ ሲያልቅ ደግሞ የጉድጓድ ውሃ።"

በያጁ ቀና ብሎ አያቸው። "ጋሼ፣ የሚጎድለው እኮ ውሃው ነው፣ አሲዱማ እዚያው ነው ያለ። አሲድ በአሲድ ላይ ሲጨመርበት ይፈላል፣ ይተፋል። የጉድጓዳችን ውሃ ደግሞ ጨው ነው።"

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩና "አየሽ" አሉኝ፤ "ባልሽ ከሥር፣ እኔ ከላይ።" ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየኋቸው። ሳቅም ከሆነ።

በያጁ ከተጣለ የጣሊያን መኪና ላይ ብረት ቆርጦ በየደው። ቀይ የዝገት መከላከያ ቀለም ቀባነው፤ ሲደርቅ ደግሞ በላዩ ሬንጅ አቅልጠን አለበስነው። ባትሪው ጋቢና ውስጥ እንዳይመለስ የለመንኩት እኔ ነኝ። ከውጭ፣ ከመወጣጫው አጠገብ የእንጨት ሣጥን ተሠራለት። ሣጥኑም ውስጡ ሬንጅ ተቀባ፣ የሚፈሰው ነገር እንዳይጠራቀም ከሥሩ ቀዳዳ ተበጀለት፣ ባትሪው እንዳይንቀሳቀስ ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ጠፍር ታሰረ። ከሥሩ ምንም አላነጠፍንም። የሽቦዎቹን ማሰሪያ እስኪያበሩ ፍቀን፣ ጥብቅ አድርገን አስረን፣ ከላይ ግራሶ ቀባን።

መኪናው ዳነ። ሹፌር ግን አልነበረኝም። ሌላ ሰው ልቀጥር አስቤ ነበር፤ ጋሼ ግን አንድ ጠዋት መጥተው በበሩ ገብተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

"ጋሼ፣ በአንድ ዓይን እንዴት ይሆናል?"

"ግራዬ ያያል። ቀኙን አንቺ ትይዣለሽ። ከዛሬ ጀምሮ አትተኚም።"

እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ከነገሌ ፊልቱ፣ ከፊልቱ ነገሌ የቀኝ ዓይናቸው እኔ ነበርኩ። "ቀኝ ግመል" እላለሁ። "ቀኝ ጉድጓድ።" "ቀኝ ሰው ቆሟል፣ ልጅ አዝላለች።" ጅግራ መንገድ ሲያቋርጥ እንኳ እናገራለሁ። በፊት ጋቢና ውስጥ እንቅልፍ ያሸልበኝ ነበር፤ ያ ቀረ። ማታ ቤት ገብቼ ልጆቼን ሳበላ አፌ ሳላስበው "ቀኝ" ይላል። ልጄ ይስቅብኛል። እኔ ለመሳቅም አቅም አልነበረኝም።

የባትሪው ነገር የእኔ ሥራ ሆነ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሣጥኑን ከፍቼ ራሶቹን ለብ ባለ የአመድ ውሃ አጥባለሁ፤ ውሃ በሚጨመርባቸው የባትሪው ቀዳዳዎች ውስጥ ጠብ እንዳይል እጠነቀቃለሁ። አደርቃለሁ፣ ግራሶ እቀባለሁ። ግራሶ በጠፋ ጊዜ የበግ ጮማ አቅልጬ ቀባሁ፤ በማግስቱ የሰፈሩ ውሾች ሣጥኑን ከበው አገኘኋቸው፤ አንዱ ክዳኑን ነክሶ ገንጥሎታል። የሚጨመረው ውሃ የዝናብ ውሃ ብቻ ነበር። በሚያዝያ ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደውን የመጀመሪያውን አቧራማ ውሃ አሳልፌ፣ ቀጥሎ ያለውን በሻሽ አጥልዬ በትልቅ ጠርሙስ አስቀምጥ ነበር። ነጭ ዱቄቱ ፈጽሞ ቀረ አልልም። ትንሽ ትንሽ ይመጣል፣ እጠርገዋለሁ። ተዳፋቱ ላይ ማሳደር ግን ቀረ፤ ጠዋት ጠዋት ሰው መለመንም ቀረ። ከዚያ ሁሉ ልፋት ያገኘሁት እረፍት ይኸው ነው፤ ትንሽ አይደለም።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። አንድ ወቅት ዘለለ፣ ቀጥሎ ያለውም ዘለለ። መጀመሪያ ላይ ቆዳ በዛ፤ ከብቱ እያለቀ ነውና። እንዲህ ያለ ንግድ አያስደስትም። መኪናው ሙሉ ተጭኖ እየሄድን ጋሼም እኔም አንነጋገርም ነበር፤ "ቀኝ" ከምለው በቀር። በየመንገዱ ዳር የወደቀ ከብት፣ አጠገቡ የቆመ ሰው። አንድ ቀን ጎረቤቴ፣ አራስ ነበረች፣ ጨዋማው የጉድጓድ ውሃ ሆዷን አበላሽቶት ውሃ ልትጠይቅ ሰው ላከችብኝ። ለባትሪው ያስቀመጥኩትን ጠርሙስ ሰጠኋት። ባትሪው ያን ወር ደረቀ። ከዚያ ቆዳውም አለቀ፤ የሚጫን ነገር ጠፋ።

መኪናውን ያን ጊዜ ሸጥኩት። ገዢው ከወደ ሰሜን የመጣ እህል ነጋዴ ነበር፤ ሞተሩን አስነስቶ ሰማ፣ ጎማዎቹን በእግሩ መታ፣ ሣጥኑን ሳይከፍት ወሰደው። ስለ ባትሪው ልነግረው ተከትዬው ጥቂት ሄድኩ፤ ውሃው የዝናብ ይሁን፣ አሲድ አትጨምርበት አልኩት። "እሺ እሺ እትዬ" አለኝ። የሰማኝ አይመስለኝም።

ጋሼ ተልተሌ እህታቸው ዘንድ ሄዱ። የሄዱት በሌላ ሰው መኪና ነው፣ ከላይ እቃ ላይ ተቀምጠው፤ ጋቢና ይግቡ ቢባሉ "ስንት ዓመት ገባሁበት" ብለው እምቢ አሉ። ስንሰነባበት "እህቴ፣ አሁን ተኚ" አሉኝ። እኔ ከቤቴ በር ላይ ጨውና ላምባ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ። ተቀምጦ መሸጥ መልካም ነው፤ ወገቤ ግን የመኪናውን መንገጫገጭ ገና አልረሳም ነበር።

አንድ ጊዜ ከተልተሌ የመጣ ሰው መልእክት አመጣልኝ። ጋሼ ደህና ናቸው፣ የእህታቸውን ፍየሎች ይጠብቃሉ፣ ያቺ ዓይናቸው ግን አቧራ ሲነካት እንባዋ አልቆም አለ፤ ጥቁር መነጽር ከተገኘ ብለውሻል፣ አለኝ። ከአረብ ሱቅ አንድ አገኘሁ፤ እግሩ ትንሽ የላላ ነበር፣ በክር አጠበቅኩት። ወደዚያ ለሚሄድ ሹፌር ሰጠሁት። በያቤሎ በኩል አድርጎ እንደሚያደርስ ማለልኝ። ደርሷቸው እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም።